አፉን የዘጋው አባት፦ የባንጋይ ዓሣ የማራባት ማስታወሻዬ

መስከረም 12

ዛሬ ገንዳው ውሃ ያዘ። 150 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው፤ ከመስኮቱ ፀሐይ በማይደርስበት የሳሎን ግድግዳ ሥር፣ ክብደቱን በሚችል የብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከኩሽናው ቧንቧ ጋር ያገናኘሁት ማጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ ውሃውን እስኪሞላልኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ለአንድ ሊትር 35 ግራም የባሕር ጨው ሲታሰብ በጠቅላላው ከ5 ኪሎ በላይ ጨው ገብቶበታል። ማሞቂያው 26 ዲግሪ ላይ ነው። ትንሿ ልጄ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «አባዬ፣ እውነትም ባሕር ነው!» አለችኝ።

ማራባት የምፈልገው አንድ ዓሣ ብቻ ነው፦ የባንጋይ ካርዲናል። የትውልድ ቦታው ከኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት በስተ ምሥራቅ የሚገኙት የባንጋይ ደሴቶች ናቸው። ሲያድግ ቢበዛ 8 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ገላው እንደ ብር ያበራል፤ ሦስት ጥቁር ሰንበሮች ከላይ እስከ ታች ያቋርጡታል፤ የመጀመሪያው በዓይኑ ላይ አልፎ ይወርዳል። ክንፎቹ ረጃጅምና ጥቁር ሆነው ነጭ ነጠብጣብ ተረጭቶባቸዋል።

መልኩ ያምራል፤ እኔን የያዘኝ ግን የወንዱ አባትነት ነው። ሴቷ እንቁላሏን ስትጥል ወንዱ ተቀብሎ በአፉ ውስጥ ያኖረዋል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ አራት ሳምንት ያህል ምግብ አይቀምስም። በኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት አለት) ዙሪያ የሚኖሩ ብዙዎቹ ዓሦች ከእንቁላል ሲወጡ ትቢያ የምታክል ነፍስ ይሆኑና ለሳምንታት በሰፊው ባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ። እነሱን በቤት ውስጥ ማሳደግ ከባለሙያም በላይ ያደክማል። የባንጋይ ጫጩት ግን ከአባቱ አፍ የሚወጣው ሰንበሩም ክንፉም ተሟልቶለት ነው። እንደ እኔ ያለ ሳሎኑ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሊሞክረው የሚችለውም ለዚህ ነው። ማስታወሻውን የምይዘው ከእኔ በኋላ የሚሞክር ሰው የእኔን ስሕተት እንዳይደግም ብዬ ነው።

መስከረም 30

ውሃው ገና አልበሰለም። ከቆሻሻ ከሚመጡት ሁለት መርዞች አሞኒያው ወርዷል፣ ናይትራይቱ ግን ከፍ እንዳለ ነው። ቆሻሻውን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ባዶ ገንዳ ማየት ያሰለቻል፤ ሆኖም ዓሣ በጥሬ ውሃ ውስጥ መጨመር መመረዝ ነው።

ጥቅምት 8

ሁለት ቀን ሙሉ የባሕር ጃርት ስሠራ ሰነበትኩ።

በባንጋይ ደሴቶች ዳርቻ፣ ውሃው ፀጥ ባለባቸውና አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ከሦስት ሜትር በማይጠልቁ የባሕር ወሽመጦች፣ እነዚህ ዓሦች በባሕር ጃርት እሾህ መካከል ይኖራሉ። ጃርቱ ጥቁር ኳስ ይመስላል፤ በዙሪያው እንደ መርፌ የቀጠኑ ረጃጅም እሾሆች አሉት። ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ትናንሾቹ ወደ እሾሁ ጫካ ዘው ይላሉ፤ ሰንበራቸውም ከእሾሁ ጥላ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ይስታቸዋል። ጫጩቶች ከእሾሁ በተጨማሪ አኒሞን በሚባለው አበባ በሚመስል የባሕር እንስሳ ክንዶች መካከልም ይጠለላሉ። መጠለያ የሌለው ጫጩት ወላጆቹም ቢሆኑ ይበሉታል።

እውነተኛ ጃርት ለማስገባት አስቤ ነበር። ነገር ግን ብዙ አልጌ ይበላል፣ ለገንዳዬም ይተልቃል፤ እጄን በየቀኑ በማስገባበት ውሃ ውስጥ እሾሁ ያሠጋኛል። ስለዚህ የቴኒስ ኳስ የሚያህል ጠንካራ የፕላስቲክ ኳስ ገዛሁ። በቀጭን መሰርሰሪያ 90 ቀዳዳ በሳሁበት፤ በየቀዳዳው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበትን 20 ሴንቲ ሜትር ጥቁር የፕላስቲክ ማሰሪያ ሰካሁ። እንዳይነቀል ከውስጥ በኩል ለዓሣ ገንዳ በሚሆን ማጣበቂያ ሞላሁት፤ እንዳይንሳፈፍም ጠጠር ጨመርኩበት። የማሰሪያዎቹን ወፍራም ጫፍ በመቀስ ሰያፍ አድርጌ ስቆርጥ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትቆጥር ነበር። ሁለት ሠርተናል። ሽታቸው እንዲለቅ ለአንድ ሳምንት በባልዲ ውሃ ውስጥ ይቆያሉ፤ ውሃውን በየቀኑ እቀይራለሁ።

ጥቅምት 21

ስድስት ዓሦች መጡ። ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም ከባሕር ያልተጠመዱ፣ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። አንድ ሱቅ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ «በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው» ሲሉኝ «የት?» ብዬ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም። ገንዘቤን ይዤ ወጣሁ። እነዚህን ያገኘሁት ወላጆቻቸውን ካሳየኝ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ለምን እንደማጠብቅ መናገር አለብኝ። ስዊድናዊው ዋልተር ካውደርን ይህን ዓሣ ከደሴቶቹ የሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1920 ነበር። ኔዘርላንዳዊው ኩማንስ በ1933 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው የሰብሳቢውን ስም በሳይንሳዊ መጠሪያው ላይ አኖረ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ያስታወሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓሣ ተመራማሪው ጄራልድ አለን እንደገና ባሕሩ ውስጥ አግኝቶ ፎቶግራፉን ለዓለም ሲያሳይ ግን የዓሣ ገንዳ ያለው ሁሉ ፈለገው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየዓመቱ የሚጠመደው ከ600,000 እስከ 700,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። በባሕሩ ውስጥ ያለው በጠቅላላው 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው ተብሎ በተገመተበት ዘመን ማለት ነው።

ሌላ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ሊያገግም ይችል ነበር፤ ከአንዱ ሪፍ የተነሣው እጭ በማዕበል ተጉዞ የሌላውን ሪፍ ባዶ ይሞላልና። የባንጋይ ጫጩት ግን ከአባቱ አፍ ወጥቶ የሚገባው ቅርቡ ወዳለው እሾህ ነው፤ ተወልዶ የሚያረጀውም እዚያው ነው። ከአንድ ወሽመጥ የተለቀመውን ከጎረቤት ወሽመጥ መጥቶ የሚተካው የለም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገባው፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ2016 ሥጋት ላይ ካሉ ዝርያዎች ጋር መዘገበው። በደሴቶቹ ዓሣውን የሚለቅሙትን ሰዎች አልወቅስም፤ ለአንድ ዓሣ የሚደርሳቸው ጥቂት ሳንቲም ነበር። እኔ ከገዢው ወገን ነኝ፤ ሥራዬም ከገዢው ወገን መጀመር አለበት።

ስድስቱም ለ40 ቀን በለይቶ ማቆያ ይቀመጣሉ። ከባሕር በሚመጡት ላይ የታየ አይሪዶቫይረስ የሚባል ገዳይ በሽታ አለ፤ መድኃኒት የለውም። የእኔዎቹ ከባሕር ባይመጡም በመንገድ ላይ ከማን ውሃ ጋር እንደተነካኩ አላውቅም።

ኅዳር 9

የሥራ ፈረቃዬ የማታ ነው፤ ከሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ቤቴ የምደርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሁሉም ተኝቷል። ጫማዬን አውልቄ፣ በቀይ ላስቲክ የሸፈንኩትን ባትሪ ይዤ የለይቶ ማቆያው ገንዳ ፊት ቁጭ እላለሁ። ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም።

የካርዲናል ዓሦች ቤተሰብ ከ350 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ የሌሊት ፍጥረቶች ናቸው። ቀን ቀን በኮራል ጉድጓድና በዋሻ ተደብቀው ይውሉና ሲመሽ ወጥተው በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን ይለቅማሉ። ስማቸውም የመጣው ብዙዎቹ የካቶሊክ ካርዲናሎችን ልብስ የመሰለ ቀይ ቀለም ስላላቸው ነው። ባንጋይ በቀለሙም በጠባዩም ከዘመዶቹ ተለይቷል፤ ምግቡን በአብዛኛው የሚለቅመው ቀን ነው። ዓይኑ ግን የሌሊት ዓይን ሆኖ ቀርቷል። በቀዩ ብርሃን ስመለከተው ከፊቱ ግማሽ የሚሆነውን ዓይኑ ይዞታል፤ መካከሉ ጥልቅ ጥቁር፣ ዙሪያው የብር ቀለበት። ስድስቱም አፍንጫቸውን ወደ ጃርቱ እሾህ አስጠግተው፣ ክንፋቸውን ብቻ እያርገበገቡ ባሉበት ይቆማሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ አይቻቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 1

40 ቀኑ ሞላ፤ የታመመ የለም። ወደ ትልቁ ገንዳ ገቡ።

ታኅሣሥ 16

ጥንድ ተለየ! ወንዱን ከሴቷ በመልክ መለየት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ራሳቸው እስኪመርጡ መጠበቅ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሁለቱ አንደኛውን ጃርት ይዘው ሌሎቹን አራት ማስጠጋት ትተዋል። አንዷ ከሌላው ጎን ትሆንና ገላዋን ታንቀጠቅጣለች፤ ያኛው አንዳንዴ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው ይከፍታል። ከተባራሪዎቹ የአንዱ ጅራት ተቀዳድዷል። አራቱን ዛሬውኑ ወደ ለይቶ ማቆያው መለስኳቸው። አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ የሚሞት ነበረ።

ታኅሣሥ 25

ከእንቅልፌ ስነሣ ወንዱ አገጩ አብጦ አገኘሁት። ከጉሮሮው በታች ያለው ቆዳ እንደ ፊኛ ተወጥሮ ስስ ሆኗል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ብርቱካናማ ፍሬዎች ውስጥ ለውስጥ ይታያሉ። የእያንዳንዱ እንቁላል ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ዓሣ በጣም ትልቅ ነው። በየጥቂት ደቂቃው አፉን ከፈት አድርጎ እንቁላሎቹን ያገላብጣል፣ ንጹሕ ውሃ ያገኙ ዘንድ። ምግብ ስጨምር ዓይኑ ይከተለዋል፣ አፉ አይነሣም።

ታኅሣሥ 30

አገጩ ጠፍጣፋ ሆኖ ምግብ ሲበላ አገኘሁት። ውጦታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አባት የሚሆን ወንድ ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሚያደርግ አንብቤያለሁ፤ ቢሆንም አዘንኩ።

ጥር 14

ሁለተኛ እንቁላል። ቀን 1።

ጥር 20

እናቴ ከባሕር ዳር ወደዚህ ወደ አሜሪካ መጣች። ጥምቀትን አሳልፋ ነው የተሳፈረችው። ሻንጣዋን ሳትፈታ ገንዳው ፊት ቆመች። «ይህ ለምግብ ነው?» አለች። ነገሩን ስነግራት ሣቀችና «ልጄ፣ የእኛም ቆሮሶ እኮ ልጆቿን በአፏ ነው የምትይዘው» አለችኝ።

ስሟን ስትጠራ ነው ትዝ ያለኝ። ያደግኩት ጣና ዳር ነው፤ ቆሮሶ የበላሁትን ያህል ስጋ አልበላሁም። አጎቴ በታንኳ እየወጣ መረብ የሚጥል ሰው ነበር። እናቴ እንደምትለው፣ ክረምት ሲቃረብ ያወጣትን ቆሮሶ አፏን ሲከፍት እንቁላሉ ታንኳው ላይ ዝርግፍ ይል ነበር። «ያን ጊዜ አጎትህ ‹እኔ ምን አደረግሁ› እያለ ወደ ውሃው ይመልሳት ነበር» አለች። በቆሮሶ የምትጾመው እናቲቱ ናት፤ በባንጋይ ግን አባትየው። ይህን ስነግራት ወንዱን ዘለግ ላለ ጊዜ አየችው።

ጥር 22

በረዶው ትናንት ማታ ጀምሮ ሲወርድ አድሮ ንጋት ላይ መብራት ጠፋ። ፓምፑም ማሞቂያውም ቆመ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ስለነበረኝ መተንፈሻው አልተቋረጠም፤ ያስጨነቀኝ ሙቀቱ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከ26 ወደ 23 ወረደ። እናቴ ለእኔ ያመጣችውን ጋቢ ከሻንጣዋ አወጣችና «በል፣ አልብሰው» አለችኝ። ገንዳውን በጋቢና በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በጋዝ ምድጃው ውሃ እያፈላን በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን በየተራ አንሳፈፍንበት። መብራቱ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሲመጣ ውሃው 22 ነበር። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ሳይ ወንዱ ጃርቱ ሥር፣ አፉን እንደ ዘጋ ነው። ቀን 9።

ጥር 26

ይህን መጻፍ ያስቸግረኛል፤ ግን ለዚህ ነው ማስታወሻ የሚያዘው። ጫጩቶቹ የሚለቀቁበትን ቦታ ቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ ወንዱን በመረብ ወደ ሌላ ገንዳ ለማዛወር ሞከርኩ። መረቡ ሲነካው አፉን ከፍቶ ሁሉንም ተፋው። በመረቡ ላይ የቀሩትን ቆጠርኩ፦ 46 ነበሩ። በየአንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ሁለት ጥቁር ዓይኖች ይታዩ ነበር። ቅዝቃዜውን ተሻግሮ ያቆያቸውን እኔ በአንድ ደቂቃ አጠፋሁ።

ለሚሞክር ሰው፦ ወንዱን አታንቀሳቅሱ። የግድ ከሆነ ከ20ኛው ቀን በኋላ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ከውሃ ሳታወጡ በትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ቅዱት። ከሁሉ የሚሻለው ሴቷን ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ነው፤ እሷ የምትተፋው ነገር የላትም።

የካቲት 10

ዐቢይ ጾም ትናንት ገባ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ሴቷ ከወንዱ ጎን ተጠግታ ስትንቀጠቀጥ ቆየችና እንቁላሉን ለቀቀች። እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ብርቱካናማ ክምር ነው። ወንዱ ዞር ብሎ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በአፉ ጠቀለለው። በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እናቴም አየች። ቀን 1።

የካቲት 16

እናቴ በየማለዳው ለጸሎት ስትነሣ ገንዳውን ታያለች። ምግብ ለሴቷ ስሰጥ ወንዱ ሳይበላ መቅረቱ መጀመሪያ ላይ አላስችላት ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ፍጡር እየተራበ ዝም ትላለህ?»

«እማዬ፣ ብሰጠውም አይበላም። አፉ ውስጥ ልጆች አሉ።»

«ስንት ቀን?»

«አራት ሳምንት።»

አሰበች። «እንግዲህ ከእኛ ጋር ይጾማል» አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን «ጾመኛው» አደረገችው። ልጄም እንደዚያው ትጠራዋለች።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኢንዶኔዥያ ለዓሣው ከፊል ጥበቃ ሰጥታ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ወራት እንዳይጠመድ መደንገጓን ነገርኳት። የአጎቴን ነገር አነሣች፦ «እሱ ማንም ሳይነግረው ነበር የሚመልሳት» አለች።

የካቲት 27

ቀን 18። ሴቷን ዛሬ አዛወርኳት። ወንዱ ከስቷል፤ ከአገጩ በላይ ያለው ገላው ስስ ሆኖ የጀርባው መስመር ጎልቷል። ገላው ቢከሳም ግዛቱን አልተወም፤ ቀንድ አውጣ እንኳ ወደ ጃርቱ ስትጠጋ ፊት ለፊት ይቆማል።

የጫጩቶቹን ምግብ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አርቴሚያ የምትባል ትንሽ የጨው ውሃ ሽሪምፕ ናት። እንቁላሏ ደርቆ ለዓመታት መቆየት ይችላል፤ እዚህ አሜሪካ በዩታ ግዛት ካለው ታላቁ የጨው ሐይቅ ይሰበሰባል። አሠራሩ ቀላል ነው። የሁለት ሊትር ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ ገለበጥኩት። አንድ ሊትር የጨው ውሃ ጨመርኩ፤ ጨዉ ከባሕሩ ቀነስ ያለ፣ ለሊትር 25 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል በትኜ፣ የአየር ቱቦውን እስከ ታች ሰድጄ፣ መብራት አበራሁበት። በ27 ዲግሪ ሙቀት በ24 ሰዓት ውስጥ ውሃው ብርቱካናማ ሆነ። አየሩ ሲዘጋ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሕያዋኑ ብርሃን ስለሚወዱ በባትሪ ወደ ታች ስጠራቸው እንደ ደመና ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ስቤ፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ በንጹሕ ውሃ አጠብኳቸው። ነጠላው ከሱቅ ከሚገዛ ወንፊት ይልቅ ሠርቶልኛል።

መጋቢት 3

ቀን 24። እንቁላሎቹ ተፈልፍለዋል። ወንዱ አፉን ከፈት ሲያደርግ ውስጡ በዓይኖች ተሞልቷል፤ ጥቃቅን የብር ነጠብጣቦች ሁሉም ወደ ውጭ ያያሉ። ልጄን ጠርቼ በወንበር ላይ አቆምኳት። ትንፋሿን ይዛ አየች።

መጋቢት 8

ቀን 29። ከሥራ ስመለስ በቀዩ ብርሃን ስመለከት ጃርቱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። በእሾሁ መካከል ጫጩቶች ነበሩ! ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጡም፤ ሰንበራቸው ሦስቱም በቦታው፣ ጥቁር የጀርባ ክንፋቸው እንደ ትንሽ ባንዲራ ቀጥ ብሎ። ወንዱ ከጥግ ቆሟል፣ አገጩ ረግቧል። ሴኮንድ ሳላጠፋ ወንዱን በጎድጓዳ ዕቃ ቀድቼ ከሴቷ ጋር ደባለቅኩት፤ አሁን ርቦታልና ማንን እንደሚበላ አያውቅም።

ሲነጋ ቆጠርን። እናቴ 40፣ ልጄ 42፣ እኔ 41 አልን። በ41 ተስማማን። ጾመኛውም ማይሲስ የሚባለውን ሽሪምፕ ከእጄ ነጥቆ በላ። እናቴ «እሱ እኛን ቀደመን» አለች፤ ፋሲካ ገና አልቀረበም።

መጋቢት 19

ዘጠኝ ሞቱ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገባሁ፤ ደክሞኝ ስለነበር ረስቼ የሳሎኑን መብራት አበራሁ። ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተወረወሩ። ከዚያም አንዳንዶቹ ገላቸው እንደ ቀስት ተጣምሞ፣ እየተሽከረከሩ ወደ አሸዋው ወረዱ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ቀድሞ በጉዳት የሞቱት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አሁን 29 ቀሩ።

ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ይህ በድንጋጤ የሚመጣ ሞት በአርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ መነሻው የምግብ ጉድለት ነው። አዲስ የተፈለፈለች አርቴሚያ ሆድ ትሞላለች እንጂ የባሕር ዓሣ ለነርቩና ለአእምሮው የሚያስፈልገው የስብ ዓይነት በበቂ የላትም። ጫጩቱ ሲዋኝ ጤነኛ ይመስላል፤ ድንገተኛ ነገር ሲገጥመው ግን ሰውነቱ አይችለውም። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እሷኑ ብቻ ነበር የሰጠሁት፣ እየበሉ ነው ብዬ ደስ እያለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ የሚደረገው ይህ ነው። አርቴሚያዋ ከተፈለፈለች በኋላ አፏ እስኪከፈት 12 ሰዓት ያህል ትጠበቃለች፤ ከዚያ በፊት ምንም አትበላም። ከዚያ ከዓሣ ዘይትና ከአልጌ የተሠራ ስብ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሌላ 12 ሰዓት ትቆያለች። ያን ጊዜ ሆዷን ሞልታ ለጫጩቱ ትደርሳለች። ሁለት ጠርሙስ በፈረቃ ካልተጠመደ አይዳረስም። ሳሎኑ ውስጥም ሌሊቱን ሙሉ የምትበራ ደብዛዛ መብራት ሰክቻለሁ። በገንዳው ላይ ያለው መብራት ደግሞ ቀስ በቀስ እየደመቀ እንዲነጋ አድርጌዋለሁ። በማብሪያ ማጥፊያው ላይ ልጄ በቀይ እስክሪብቶ «አይነካም» ብላ ጽፋለች።

ሚያዝያ 4

ፋሲካ። እናቴ ዶሮ ወጡን ስትሠራ አድራ ሁላችንም በሌሊት ፈሰክን። ከዚያ በኋላ ለጫጩቶቹ የተቀለበችውን አርቴሚያ ሰጠሁ። 27 ናቸው፤ ካለፈው ማስታወሻ ወዲህ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው፣ በድንጋጤ የሞተ ግን የለም። ትናንት ጎረቤት በሩን በኃይል ዘግቶ ሁሉም ወደ እሾሁ ሲገቡ ልቤ ቆሞ ነበር። ወዲያው አንድ በአንድ ወጡ።

ግንቦት 11

እናቴ ዛሬ ተሳፈረች። ከመውጣቷ በፊት ገንዳው ፊት ቆማ ጾመኛውን ተሰናበተችው። ጋቢውን ተወችልኝ፤ «ክረምቱ ሲመጣ ያስፈልገዋል» ብላ።

ሰኔ 14

ጫጩቶቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር አልፈዋል። የተከተፈ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ይበላሉ፤ ጃርቱ ስለጠበባቸው ሦስተኛ ሠራሁ። እያደጉ ሲሄዱ መጣላታቸው ስለማይቀር 12ቱን ገንዳ ላላቸው ሁለት ሰዎች ሰጠሁ። አንደኛው ከባሕር የተጠመደ ሊገዛ ነበርና ገንዘብ አልተቀበልኩትም፤ ይልቁንም የኳሱን ጃርት አሠራር አሳየሁት፣ ካደጉለት ደግሞ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ቃል አስገባሁት። 15 ቀርተዋል።

ማታ እናቴ ደወለች። ከጀርባዋ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ጾመኛው እንዴት ነው?»

«አፉን ከዘጋ ዛሬ 17ኛ ቀኑ ነው፣ እማዬ።»

«አትንካው እሺ?»

«አልነካውም።»

ነገ ሴቷን አዛውራለሁ። ሁለቱን የአርቴሚያ ጠርሙሶች አጥቤ መደርደሪያው ላይ ደፍቻቸዋለሁ።